ከሂርና የመጡት ፎቶዎች

ፎቶ ከሃርድ ዲስክ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ሥራዬ ነበር ስል አገር ቤት ያሉት ይስቁብኛል። ጅቡቲ የሄድሽው የሰው ልብስ ልታጥቢ አይደል እንዴ ይሉኛል። ልብሱንማ አጥቤያለሁ፣ ተኩሻለሁ፣ ዓሣ ሳጸዳ እጄ ተቆራርጧል። ፎቶውንም ግን የምገለብጠው እኔ ነበርኩ። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ መዳም ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

መዳም ፈረንሳዊት ነበረች። ልጆቿ አድገው እዚያው አገራቸው ቀርተዋል፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እሷ፣ ባሏና እኔ ነን። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ መኪናቸውን ጭነው ይወጣሉ። በሄዱበት ሁሉ ፎቶ ታነሳለች፦ ግመል፣ ድንጋይ፣ የሰው በር፣ የበላችበትን ሳህን ሳይቀር። በፈረንጅ አቆጣጠር 2008 ገደማ ነው፤ ስልክ ገና እንዲህ ሁሉን ቻይ አልሆነም። የካሜራዋ ካርድ መንገድ ላይ ሲሞላ ሳሙና የምታክል ጥቁር ሃርድ ዲስክ ላይ ትገለብጠውና ካርዱን ባዶ አድርጋ ማንሳቷን ትቀጥላለች። ቤት ሲመለሱ ቆሻሻ ልብሱና ሃርድ ዲስኩ አንድ ላይ ለእኔ ይሰጣሉ።

አሠራሩን ያሳየችኝ አንድ ቀን ነው፤ ሁለተኛ ብጠይቃት እንደምትቆጣ ስለማውቅ በዚያው ያዝኩት። በጉዞው ስም ፎልደር ይከፈታል። ሁሉም ተመርጦ ኮፒ ይደረጋል። አረንጓዴው መስመር እስኪሞላ ገመዱን መንካት የለም። ሲያልቅ እዚያ ስንት ነበር፣ እዚህ ስንት ገባ ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ በጎናቸው የተኙትን አቃናለሁ። ሃርድ ዲስኩን ባዶ የማደርገው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ሥራውን እወደው ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ከምሳ በኋላ ጫት ከተማዋ ሲገባ ሁሉ ነገር ጭጭ ይላል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም። መዳም መኝታ ቤቷን ዘግታ ትተኛለች። እኔ ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጓዛለሁ። ታጁራን ያየሁት እዚያ ነው፣ አሳል ሐይቅንም እዚያ። ስድስት ዓመት ጅቡቲ ኖሬ ከመዳም ቤት፣ ከካርቲየ 3ና ከባልባላ ሰፈር ሌላ በእግሬ የረገጥኩት ቦታ አልነበረም።

አንድ ቀን «አዲስ አበባ በመኪና ልንሄድ ነው፣ በእናንተ ከተማ በኩል ነው የምናልፈው» አለችኝ። የእኛ ከተማ ሂርና ነው። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገድ በደጃችን ነው የሚያልፈው። «ቤተሰቦችሽን ልጠይቅልሽ?» ስትለኝ የያዝኩትን ብርጭቆ ማስቀመጫ አጣሁ።

የእናቴ ፎቶ አልነበረኝም። ስወጣ ይዤው የመጣሁት አንድ ጉርድ ፎቶ ነበር፤ እሱም በጅቡቲ ወበቅ ከቦርሳዬ ፕላስቲክ ጋር ተጣብቆ፣ ሳላቅቀው ፊቷ ተላጠ። ከዚያ በኋላ በሐሳቤ ነው የያዝኳት። በሐሳብ ደግሞ የሰው ፊት አይበረክትም። አፍንጫዋ ሲመጣልኝ አገጯ ይጠፋኛል፣ አገጯን ሳገኝ ዓይኗ ይሸሸኛል። ለራሴም አፍሬ ለማንም አልተናገርኩትም፤ የእናትን ፊት መርሳት ይወራል እንዴ?

ድምጿ ግን ነበረኝ፣ በወር አንዴ በስልክ። ለዚያውም ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ስደውል አላገኛትም። ጸበል ሄዳለች ይሉኛል። ሌላ ጊዜ ገበያ ወጥታለች፣ ሌላ ጊዜ ጉሮሮዋን አሟት ድምጿ ተዘግቷል። ታናሽ እህቴን «እናንተ ደግሞ ሰው በሰው አገር ሆኖ ሲደውል ጠብቆ ማገናኘት ያቅታችኋል?» ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ዝም ብላ ሰማችኝ። እህቴ ዝም የምትል ልጅ አልነበረችም፤ ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

እናም መዳምን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት። «እናቴን ከቅርብ አንሺልኝ፣ ፊቷን።» ለእናቴ ደግሞ ሰማያዊ ሽቲ ገዝቼ እንድታደርስልኝ ሰጠኋት፤ ቢጫ አበባ ያለበት፣ ጅቡቲ ውስጥ ሴቶቹ የሚለብሱት ዓይነት ቀሚስ። ለእህቴም ደውዬ ቅዳሜ እንደሚደርሱ ነገርኳት።

«ቅዳሜ ነው? እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ።

«ቅዳሜ ነው። ደግሞ ያን ቀን እማዬን ጸበል እንዳትሰዷት።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። «እሺ» አለች ከቆየች በኋላ።

በሁለት ሳምንታቸው ተመለሱ። መዳም ጫማዋን ሳታወልቅ ማውራት ጀመረች። ድሬዳዋ ያሰቡት ሆቴል ሞልቶ ስለጠበቃቸው ሳያድሩ ቀጥለው፣ ሂርና የደረሱት ዓርብ ነው። የእኛ ሰዎች አልጠበቋቸውም። ጎረቤት ቤት አስገብተው ሻይ እያጠጡ ከአንድ ሰዓት በላይ አቆዩዋቸው። «ከዚያ ሁሉም አምረው ወጡ፣ ነጭ በነጭ» አለችኝ። «እናትሽ ግን እንዴት ወጣት ናት። ሽቲውን ወዲያው ለበሰችው። እኔን አቅፋ አለቀሰች፣ አለቀሰች፣ እኔንም አስለቀሰችኝ።»

እናቴ ስድሳን አልፋለች። ፈረንጅ የእኛን ሰው ዕድሜ የት ያውቃል ብዬ አለፍኩት። ይልቅ የያዝኩት ማልቀሷን ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን አጥባለሁ ብዬ የታጠበውን ሳህን ደግሜ አጠብኩ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሃርድ ዲስኩን ሰካሁት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ነበር። አረንጓዴው መስመር ሞልቶ ሲያልቅ ቆጠርኩ፣ ገጠመልኝ። በቀጥታ ሂርናን ልክፈት ብዬ ነበር፤ ግን እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አብሬያቸው ተጉዤ እናቴ ጋ ልድረስ አልኩ። ዓሊ ሳቢህ አለፈ። ደወሌ ላይ የቆሙ ከባድ መኪናዎች አለፉ። ድሬዳዋ፣ ከዚያ ዳገቱ፣ ከዚያ ቁልቢ። አንዱን ሳቃና አንዱን ሳልፍ የእኛ ባሕር ዛፎች መጡ። የዳቦ ቤቱ ግድግዳ ቀለም ተቀብቷል። ብቻዬን እየሳቅኩ ነበር።

የእኛ በር በጎኑ ተኝቶ መጣ። መኪና ውስጥ ሆና ነው ያነሳችው፣ መስታወቱ ያንጸባርቃል። አቃናሁት። በሩ ላይ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት የእጅ መታጠቢያ ይዛ ቆማለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ጎረቤት ለቅሶ አለ ማለት ነው አልኩ። ፎቶውን አጎላሁት። ነጠላዋ ከራሷ ላይ ሸርተት ብሎ ፀጉሯ በመቀስ ተቆራርጦ ይታያል። እህቴ ናት።

ቀጣዩ አባቴ ነው። በር ላይ ዱካ ላይ ተቀምጧል፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ሊደርስ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚላጭ ሰው ነው።

ከዚያ ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል። ዘመድ መግደል ጀመርኩ። አጎቴ ነው የሞተው አልኩ፤ ልቡን ያመው ነበር፣ እሱ ነው። ቀጣዩን ስከፍት አጎቴ እጁን ለሰላምታ አንስቶ ወደ መኪናው እየመጣ ነው። እንግዲያው ወንድሜ አልኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ገና ሃያ ያልሞላውን ልጅ። እሱም ከአጎቴ ኋላ ቆሟል፣ ጥቁር ሹራብ ለብሶ። ማን ቀረ? አክስቴ ቀረች፣ የእናቴ ታናሽ። እንግዲያው አክስቴ ናት አልኩ። እናቴን ላድን ብዬ እህቷን ገደልኩባት። ያኔ እንኳ እናቴ የትኛውም ፎቶ ላይ እንደሌለች እያየሁ ነው።

ቀጥሎ የጎረቤት ቤት ሻይ መጣ፣ ብርጭቆው፣ ዳቦው፣ የመዳም ባል ጉልበት። ከዚያ የእኛ ግቢ።

ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። እህቴ ራሷን በሻሽ ጠምጥማለች። አባቴ ተላጭቷል፤ አገጩ ላይ ምላጩ የቆረጠው ቦታ ደሙ ገና አልደረቀም። መሀል ላይ፣ የእናቴ ወንበር ላይ፣ ሰማያዊውን ሽቲ ለብሳ የተቀመጠችው አክስቴ ናት። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ፊቷን ከልላለች። ዓይኗ መሬት መሬት ነው የሚያየው። መዳም ከቅርብ አንሺልኝ ያልኳትን አልረሳችም። ሰባት ጊዜ አንስታታለች።

እኔ ሞኟ ለእህቴ ቅዳሜ ብያታለሁ። እነሱም ከሉን አጣጥፈው፣ ነጭ ተውሰው፣ ለቅዳሜ ተዘጋጅተው ኖሯል። መዳም ዓርብ ደርሳ፣ ገና ከመኪና ሳትወርድ ፎቶ ስታነሳ አላዩዋትም፤ ወይ አይተው ካሜራ የተዘጋጁበትን ብቻ የሚይዝ መስሏቸዋል። «እናትየዋ የታለች?» ስትል ደግሞ ምን ይበሉ? እውነቱን ቢነግሯት ለእኔ ይዛው ትመጣለች። አክስቴን አስቀመጧት። ያለቀሰችው ያለ ነገር አይደለም፤ ስለ ሞተች እህቷ ነው በፈረንጅ አንገት ላይ ያለቀሰችው።

ግን እጄ ይሠራ ነበር። የቀሩትን ፎቶዎች፣ የአዋሽን፣ የአዲስ አበባን፣ ሁሉንም አቃናሁ። እንደገና ቆጠርኩ። ሃርድ ዲስኩን ባዶ አደረግኩና ገመዱን ጠቅልዬ ቦታው አኖርኩ።

መዳም ከእንቅልፏ ተነስታ መጣች። «እናትሽን አየሻት?»

«አየኋት መዳም። እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

ለምን እንደዋሸኋት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እሷ ምን አጠፋች? ብነግራት ታቅፈኛለች፣ ውሃ ታመጣልኛለች፣ ሁለት ቀን ዕረፍት ትሰጠኛለች። እኔ የፈለግኩት እሱን አልነበረም። በእኛ ወግ መርዶ በሰው ነው የሚነገረው፤ በጠዋት፣ ዘመድ ከብቦሽ፣ የሚይዝሽ ሰው አጠገብሽ ቆሞ። እኔን የነገረኝ ኮምፒውተር ነው። ማወቁን አውቄያለሁ፣ እንዳለቅስ ግን ማንም አላረዳኝም። ሌሊት ትራስ ነክሼ ልሞክር ብል እንባው እምቢ አለኝ።

ከዚያ ተናደድኩ። ቁጣዬን እግዜር ያውቀዋል፤ ዓርብ እስኪደርስ በሐሳቤ አባቴን ስሰድብ፣ እህቴን ስራገም ከረምኩ። ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነው። ካርቲየ 3 ስልክ ቤት ገብቼ ደወልኩ። ሁሉን ልነግራት፣ ልጮህባት ነበር የገባሁት።

እህቴ አነሳች። «እማዬስ?» አልኳት።

«ጸበል ሄዳለች።»

«ሽቲውን ወደደችው?»

«በጣም። አላወልቅም ብላለች።»

ከኋላዋ አባቴ «ደህና ናት? ምንም አልሰማችም?» ሲል ሰማሁት። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፣ ግን ሰማሁት። ያች ልጅ ለካ በየወሩ ስልኩን የምታነሳው፣ እናቷን ቀብራ ስታበቃ እናቷን ጸበል የምትልከው ብቻዋን ነው። ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። «በይ ስሚልኝ» አልኳት። «እሺ፣ እስምልሻለሁ» አለችኝ። ከስልክ ቤቱ ወጥቼ ፀሐዩ ላይ ቆምኩ።

ይባስ ብሎ መዳም አንዱን ፎቶ በትልቁ አሳትማ፣ ፍሬም አስገብታ፣ አልጋዬ አጠገብ ሰቀለችልኝ። በደግነት ነው። ጠዋት ስነሳ አክስቴ፣ ማታ ስተኛ አክስቴ። የእናቴን ፊት ፍለጋ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን ሳስባት የሚመጣልኝ የአክስቴ ፊት ሆነ። ከሁሉ ይህ ነው ያሳበደኝ።

ካርቲየ 3 ውስጥ እትዬ የምንላቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰላሳ ዓመት ጅቡቲ የኖሩ፣ የእኛ አገር ሰው ናቸው። ዓርብ ዓርብ የሰው ቤት የምንሠራ ልጆች እሳቸው ቤት ነው የምንሰበሰበው፤ ፀጉር እንሠራራለን፣ እንበላለን፣ መዳሞቻችንን እናማለን። ካወቅኩ በኋላ ሳየው ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ከሁለት ወር ወዲህ እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ሥጋው ወደ እኔ ይገፋል። ሳህን ላጥብ ስል «አንቺ ተቀመጪ» ይሉኛል። ሁሉም ያውቃሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? አንድ የከባድ መኪና ሾፌር የአባቴን መልእክት ለእትዬ አድርሶ፣ እሳቸውም ልጆቹን አስምለው፣ እኔ ብቻ ነበርኩ የምስቀው።

አራት ዓርብ ጠበቅኳቸው። ዛሬ ይነግሩኛል እያልኩ ገብቼ፣ ሳይነግሩኝ እወጣለሁ። በአምስተኛው ዓርብ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ እትዬ የስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው መጋረጃ ይሰፋሉ፣ ልጆቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ። በሩ ላይ እንደቆምኩ «እትዬ፣ መርዶዬን ንገሩኝ» አልኳቸው።

መኪናው ቆመ። «የምን መርዶ ነው ልጄ?»

«የእናቴን።»

ከልጆቹ ማንም ቀና አላለም። እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማነው የነገረሽ?»

«ማንም። ፎቶ አይቼ ነው።»

«መቼ?»

«አምስት ሳምንት አለፈው።»

«ብቻሽን?» አሉኝ።

አባቴ ያላቸውን ነገሩኝ፤ በሰው አገር፣ በሰው ቤት አልቅሳ ማን ያጽናናታል፣ ለፋሲካ ስትመጣ እኛው እናረዳታለን ብሎ ነው። «ምክሩ ክፉ አልነበረም» አሉ እትዬ። «አንቺን ግን አላዳነሽም።» ከዚያ ተነሱ። መጋረጃውን አጣጥፈው አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አውጥተው አዘቅዝቀው ለበሱ። ልጆቹን «ድስቱን አውርዱት፣ ኑ ተቀመጡ» አሏቸው። ምንጣፉ መሀል አስቀመጡኝ፤ አንዷ ከኋላ ትከሻዬን፣ አንዷ እጄን ያዘችኝ። እትዬ ፊት ለፊቴ ተቀመጡና፣ እንደማላውቅ አድርገው፣ ከመጀመሪያው ነገሩኝ።

«ልጄ፣ እናትሽ አርፋለች። ሦስት ወር አለፋት። ብዙ አልተሰቃየችም፤ ስምሽን ጠርታ ነው ያረፈችው።»

ያን ጊዜ መጣልኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ እምቢ ያለኝ እንባ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። «እማዬ» ብዬ ስጮህ ልጆቹም አብረውኝ ጮኹ፤ እያንዳንዷ በሰው አገር ሆና የማታያት እናት አላት።

ድምፁን ሰምተው የእትዬ ጎረቤቶች ገቡ፣ ሦስት ሶማሌ ሴቶች። ማን እንደሞተ የነገራቸው የለም። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው አጠገባችን ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አንዷ፣ በዕድሜ የገፋችው፣ አገጬን በእጇ ቀና አድርጋ ፊቴን አየችኝና በሶማሊኛ «ሆዮ?» አለችኝ። እናት ነች ወይ ማለቷ ነው።

«ሆዮ» አልኳት።